ማይክራፎኑ ሳይከፈት

የእኛን የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁድን፣ በዓል ስግድን በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቁት ከሆነ ግማሹን ነው ያያችሁት። ባለ ዘርፍ ጃንጥላ የዘረጉ ቄሶች፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከዚያ አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ ወደ ማይክራፎኑ ሲሄድ። ይህ እውነት ነው፤ ግን የረፋዱ ነው። እኔ ከመድረኩ ኋላ ከሚላላኩት ሴቶች አንዷ ነኝ። ውሃ ለሕፃናት አቀብላለሁ፣ ሽማግሌ ደግፌ አወጣለሁ፣ ከአዘጋጆቹ ጋር ስለ ደቂቃ እከራከራለሁ። እዚያ ሆኜ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው ዛሬ ሹክ የምላችሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ቤታችን ውስጥ ያለ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ውጭ ያለውም ስሙን ሳይሰማ ነገሩ ይገባዋል። ዓመቶቹን እዚህ እስራኤል በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ቦታው ኢየሩሳሌም ውስጥ አርሞን ሀናጺቭ የሚባለው ከፍታ ነው። እዚያ ቆሞ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው አሮጌዋ ከተማና ቤተ መቅደሱ የነበረበት ተራራ ፊት ለፊት ይታያሉ። ቀኑ በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን 29፣ ከአስተስርዮ፣ ከኃጢአት ስርየት ቀን፣ ጀምሮ ሲቆጠር ሃምሳኛው ቀን ነው፤ በአገር ቤት አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኅዳር ላይ ይውላል። አውቶቡሶቹ ከነታንያ፣ ከአሽዶድ፣ ከረሆቮት፣ ከቤርሼባ፣ ከኪርያት ማላኺ ሕዝቡን ጭነው የሚደርሱት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ያን ያህል አይጠብቁም። የድምፅ ባለሙያዎቹ ገና ገመድ ሲጎትቱ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይደርሳሉ። ወደ መድረኩም አይሄዱም። መቅደሱ ወደሚታይበት ጥግ ይጠጋሉ። ስግድ የሚጀመረው እዚያ ነው። የእንግዳ ወንበር የለም፤ አንዱ ቄስ በግዕዝ ያነሣሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ሁሉም ግንባራቸውን ወደ መሬት ይደፋሉ። ያንን ሰዓት ያየ ሰው በኋላ መድረኩ ላይ የሚሆነውን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

አሁን ስለ ደቂቃው ላውራችሁ። በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት ስብሰባ አለ። መርሐ ግብር ይወጣል፤ ማን ይናገራል፣ ማን ይዘምራል፣ መኪና የት ይቆማል። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ወጣት፣ ልቡ ቀና የሆነ ልጅ፣ «ጸሎቱ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» ብሎ ጠየቀ። ከቄሶቹ አንዱ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ነህምያን አንብበሃል? ያን ቀን ሕዝቡ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆሞ ነው ሕጉን የሰማው» አሉት። ወጣቱ አንገቱን በአክብሮት ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ አርባ ደቂቃ ጻፈ። ለንግግሮቹ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ተይዞ ነበር። ቄሱ አልተቆጡም፤ እኔ ግን እስከዛሬ ይቆጨኛል። ምክንያቱም ስግድ ማለት ያ ንባብ ነው። ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች ተሰብስበው ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ የሰሙት፣ የጾሙት፣ የአባቶቻቸውንና የራሳቸውን ኃጢአት የተናዘዙት፣ ቃል ኪዳናቸውን ያደሱት፣ ያ ሁሉ ነው በዓሉ። ጸሎቱን ካሳጠርነው የሚቀረን ጃንጥላው ብቻ ነው።

እናቴ ስለ አምቦበር ስታወራ ሌላ ዓለም ነው የምትነግረኝ። ጎንደር አካባቢ ያለችው አምቦበር በኋለኛው ዘመን ስግድ በብዛት የሚከበርባት ቦታ ነበረች። ዋዜማውን ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ልብሱን ያጥባል። የነጋ ለት እህል ሳይቀምስ ይወጣል። ቄሶቹ የብራናውን ኦሪት በጨርቅ ጠቅልለው ተሸክመው ይቀድማሉ፤ ሕዝቡ ይከተላል፤ ብዙው ሰው በራሱ ወይም በትከሻው ድንጋይ ይሸከማል። ድንጋዩ ለፈጣሪ ራስን ዝቅ የማድረግ ምልክት ነው። ተራራው ላይ ከኦሪት ይነበባል፣ ሲና ላይ ሕጉ የተሰጠበት ክፍል፣ ከዚያ ነህምያ፤ በግዕዝ ይነበብና ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። ሰው የሞቱበትን ያስባል፤ በስማቸው እህል ይበተናል፣ ወፎች ይለቅሙታል። ከሰዓት በኋላ ነጋሪት እየተመታ፣ ቃጭል እየተቃጨለ ይወረዳል፤ መስጊድ በምንለው የጸሎት ቤታችን ዘንድ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጾሙ ይፈታል፣ ዘፈኑና እስክስታው ይቀጥላል። ልብ በሉ፤ እስክስታው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ያን ዓለም እንዴት እንዳጣነው ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝመውም። ለብዙ ዘመን ርስት አልነበረንም፤ በሰው መሬት እያረስን፣ ብረት እየቀጠቀጥን፣ ሸክላ እየሠራን፣ ቡዳ እየተባልን ኖርን። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ የምናርሰውን መሬት ሰጠን። አዋጁን ያወጣው ያው መንግሥት ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕብራይስጥ ማስተማርን ከለከለ፤ በመንደሮቻችን ትምህርት ቤት ያስፋፋው ኦርት የሚባለው ድርጅት በ1981 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ፤ አስተማሪዎች ታሰሩ። ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በእግር የተሄደበት የሱዳኑ መንገድ መጣ። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 ሰው አለቀ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ሰው ከሱዳን እስራኤል ገባ፤ በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። እኔም ያኔ ከተጓጓዙት ሕፃናት አንዷ ነበርኩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ስግድን ለመዘንጋት ከሁሉ ይልቅ የቀረብነው ኢየሩሳሌም ከደረስን በኋላ ነው።

ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤሎች አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው ነበር፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥትም አይሁድ እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል አለ። ሰው ግን ከአውሮፕላን ሲወርድ ጥርጣሬ ጠበቀው። በውሃ ተነክራችሁ አይሁድነታችሁን አረጋግጡ ተባለ። በ1985 መኸር ሽማግሌዎችና ወጣቶች ኢየሩሳሌም በሚገኘው ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ለዘመናት «እኛ የኦሪት ልጆች ነን» በማለቱ መከራ ለተቀበለ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዚያ ወቅት ስለ ስግድ ሲነሣ በቅንነት የሚጠይቁ ነበሩ፦ «ኢየሩሳሌምን እያያችሁ የጸለያችሁት ለመግባት ነበር፤ እነሆ ገብታችኋል፣ ታዲያ ከእንግዲህ ስግድ ለምን?»

የቄሶቹ መልስ አጭር ነበር። መቅደሱ አልተሠራም፤ ቃል ኪዳንም በየዓመቱ ይታደሳል። ይህን መልስ ግን የሚሰማቸው አልነበረም። ልጆቻቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው አዲስ ስም ተሰጥቷቸው፣ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ተሰጥቷቸው፣ ቅዳሜ ቤት ሲመጡ አባታቸው በሚጸልዩበት ቋንቋ ማፈር ጀምረው ነበር። መንደር ሙሉ የሚሰማቸው ሰው፣ ባል ከሚስት የሚያስታርቁ፣ ጨረቃ ቆጥረው በዓል የሚያውጁ ሰው፣ እዚህ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የሚጠይቃቸው ጠፋ። ስግድ እንዳይሞት ያደረገው እንግዲህ ሕግ አልነበረም። ጥቂት ቄሶች፣ ጥቂት የማኅበር ሰዎች፣ ከየከተማው አውቶቡስ የሚከራዩ፣ ሥራ ቦታቸው ላይ አሞኛል ብለው የሚቀሩ ሠራተኞች ነበሩ። ይህንንም ሹክ ልበላችሁ፦ ለብዙ ዓመት ስግድ የወጣው ሕዝብ ብዙው ከአለቃው ተደብቆ ነው የወጣው።

በጁላይ 2008 የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክነሴት፣ የስግድን ሕግ አጸደቀ። ሐሳቡን ያቀረቡት የምክር ቤት አባል ኡሪ አርኤል የእኛ ሰው አልነበሩም፤ ምስጋናው ይድረሳቸው። ስግድ የመንግሥት በዓል ሆነ፤ ኢየሩሳሌም ላይ መንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት እንዲደረግ፣ በትምህርት ቤት እንዲታወስ፣ ሠራተኛም ከፈለገ ቀኑን ፈቃድ መውሰድ እንዲችል ተደነገገ። ይህን ሕግ የሚያቃልል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። አንዲት ፋብሪካ የምትሠራ ዘመዴ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ለአለቃዋ «ነገ በዓሌ ነው» ብላ ቀጥ ብላ የተናገረችበትን ድምፅ አልረሳውም። ውሸት መናገር ቀረላት።

ሕጉ ግን ከሰጠን ጋር ያመጣብን ነገርም አለ፤ ይህን ነው በአደባባይ የማንናገረው።

መድረክ የተሠራለት በዓል መድረኩን የሚፈልግ ሰው ይበዛበታል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሊመጣ ይችላል፣ ፕሬዚዳንት ሊመጣ ይችላል፣ ምርጫ ሲቀርብ ደግሞ የሚመጣው ይበዛል። ጥበቃው ይጠናከራል፣ አጥር ይቆማል፤ በአጥሩ ምክንያት ከሌሊት ጀምረው ሲጸልዩ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ከገዛ በዓላቸው ዳር ይወጣሉ። አንድ ዓመት ጋቢ የለበሱ አዛውንት የመግቢያ ወረቀት የለዎትም ተብለው ቆመው አገኘኋቸው። ጥበቃው ልጅ አልገባውም፤ ሥራው ነው። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። «ግድ የለም ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ወዲያ ነው» ብለው ወደ መቅደሱ በኩል ጠቆሙኝ። ከዚያ ወዲህ በስብሰባው ላይ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሽማግሌዎቹ ቦታ ከእንግዶቹ ቦታ በፊት ይወሰን። አንዳንድ ዓመት ይሰማኛል፣ አንዳንድ ዓመት አይሰማኝም።

ሁለተኛው ነገር ትምህርት ቤቶቹ ናቸው። በዓሉ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። አስተማሪዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች አይደሉም፣ ደግነታቸው እውነተኛ ነው። «ለስግድ የቡና ሥነ ሥርዓት የምታሳይ እናት ትልኪልን? እንጀራ ይዛ፣ እስክስታ የሚያስተምር ወጣትም ቢኖር?» ይላሉ። ቡናችንን ሲወዱልን ደስ ይለኛል። ግን ስግድ ጾም ነው! ጠዋት በሦስት ሰዓት በስግድ ስም ልጆች እንጀራ ሲጎርሱ ሳይ ሆዴ ይባባል። የበዓሉ ልብ ንስሐና ቃል ኪዳን ነው፤ ሕዝብ ተሰብስቦ «በድለናል» የሚልበት ቀን ነው። ያንን ትተን ቅመሙንና ጭፈራውን ብቻ ካሳየን፣ ልጆቻችን ራሳቸው አባቶቻቸው ምን ሲያደርጉ እንደነበር ሳያውቁ ያድጋሉ። ስለዚህ አሁን ለአስተማሪዎቹ የምመልሰው ይህንን ነው፦ እናቲቱም ትመጣለች፣ ቡናውም ይፈላል፤ አስቀድሞ ግን አንድ ቄስ መጥተው ያንብቡ፣ ልጆቹም ቆመው ይስሙ። እሺ ያለ ትምህርት ቤት አለ። እሺ ባሉት ዘንድ ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሚሰሙት፤ የእኛዎቹ ልጆች ደግሞ በዚያ ቀን ጀርባቸው ቀና ይላል።

ቋንቋው የራሱ ጭንቀት ነው። ቄሱ በግዕዝ ያነባሉ፤ በመካከልም አባቶች ከአገውኛ የወረሱት ቃል ይገባል። ከዚያ ለወላጆቻችን በአማርኛ፣ ከትግራይ ለመጡትም በትግርኛ ይተረጎማል። እዚህ የተወለደው ልጅ ግን አብዛኛውን አይሰማም። ቄሶቹ ሲያነቡ ወጣቱ ከታች ሣሩ ላይ ተሰብስቦ ሲያወራ ታዩት ይሆናል፤ ሽማግሌዎች ይቆጡታል። እኔ አልቆጣም። ያ ወጣት ማንም ሳያስገድደው ከሃይፋ፣ ከአፉላ ተነሥቶ መጥቷል። በ2015 እና በ2019 የፖሊስን በደል ተቃውሞ ጎዳና የወጣው ትውልድ ነው፤ የቆዳውን ቀለም ምክንያት አድርገው ሲገፉት ወደ አያቱ ቀሚስና ወደ አያቱ ጸሎት የተመለሰ ነው። የዕብራይስጥ ትርጉም አብሮ ሲነበብ ዘወር ብሎ ያዳምጣል። መጀመሪያ ላይ ከቄሶቻችን የተወሰኑት ዕብራይስጡን ፈርተውት ነበር፤ «ግዕዙን ይበላዋል» አሉ። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ግን ሳይገባው የሚቆም ልጅ ነገ አይመጣም። በአሁኑ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦሪትን በግዕዝ፣ ትርጓሜውንም ከቄሶች አፍ የሚማሩ ልጆች አሉን፤ እነዚህን ሳይ ጭንቀቴ ይቀልልኛል።

በመካከላችን የሚካሄድ ሌላ ክርክርም አለ። ረቢ ሻሮን ሻሎምን የመሰሉ ከእኛው የወጡ ሊቃውንት ስግድ ለእስራኤል ሕዝብ ሁሉ የተገባ በዓል ነው ይላሉ፤ ዕዝራ ሕዝቡን ሁሉ ነው የሰበሰበው፣ እኛ ስንጠብቀው ቆየን እንጂ የእኛ ብቻ አይደለም ይላሉ። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። አንዳንድ አባቶች ግን ይጨነቃሉ፤ «ሁሉም ሲወስደው ማን ይመራዋል?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ምክንያቱም ቄሱ በዚህ አገር እስከዛሬ ሙሉ ሥልጣን የላቸውም። ሔሽቫን 29 ቀን መሪዎች እጅ የሚነሷቸው ቄስ፣ በማግሥቱ የገዛ ልጃቸውን ልጅ ቢያጋቡ ጋብቻው በእሳቸው ፊርማ አይመዘገብም፤ ሙሽሮቹ ወደ ረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት መሄድ አለባቸው። ሠርግ ላይ መጥተው ይባርካሉ፣ ሕዝቡ ባርኮታቸውን ይጠብቃል፣ ወረቀቱ ግን የሌላ ሰው ነው። በዓሉን ነጻ አውጥተን የበዓሉን ባለቤት ግማሽ እስረኛ አድርገን ትተነዋል። ይህን በመድረኩ ላይ የሚናገር ተናጋሪ ቢገኝ ለእሱ ከጸሎቱ ደቂቃ ቆርሼ ብሰጠው አይቆጨኝም።

ጸሎቱ ላይ የሚለቀሰውም እንባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሱዳን መንገድ ልጁን የቀበረ አለ፤ ወንድሙን ወይም እናቱን ጎንደርና አዲስ አበባ ትቶ ዓመት ቆጥሮ የሚጠብቅም አለ። ፎቶ ይዘው የሚመጡ አሉ። ካሜራው ሲያገኛቸው «የበዓል ስሜት» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን ውሃና መሐረብ የማቀብለው ለእነዚህ ስለሆነ ማን ለማን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። አንዲት እናት በየዓመቱ እዚያው ቦታ ቆማ የእህቷን ስም ትጠራለች፤ ቄሱም የምህላውን ጸሎት ሲያደርሱ የጠፉትንና የቀሩትን አብረው ያነሣሉ። ይህም የበዓሉ አካል ነው፤ አገር ቤትም ተራራው ላይ ሙታን ይታሰቡ እንደነበረው።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ይሄዳሉ፣ አጥሩ ይላላል፣ ሴቶቹ ሌሊቱን የጋገሩት ድፎ ከየዘንቢሉ ይወጣል። ቄሱ ይባርካሉ፣ ይቆርሳሉ። ሰው የማያውቀውን ሰው ያጎርሳል። ነጋሪቱ ይመታል። ያኔ ነው እስክስታው የሚያምረው፤ ጾም የዋለ ሰው ሲጨፍር ሌላ ነው። ልትመጡ የምታስቡ ካላችሁ፣ የማንም ወገን ሁኑ፣ ምክሬ ይህ ነው፦ በማለዳ ኑ፣ ሳትበሉ ኑ፣ ከመድረኩ ራቁና ሽማግሌዎቹ ካሉበት ቁሙ።

የመጨረሻው ደግሞ ለእኛው ሰዎች ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የምትባል የሙዚቃ ተመራማሪ በ1973 አምቦበር ድረስ ሄዳ የቄሶቻችንን ጸሎት በቴፕ ቀድታለች። ስለ ዜማው ምንጭ በጻፈችው ነገር ከእኛ ወገን የማይስማሙ ብዙ ናቸው። ቢሆንም ቴፑ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያለፉ አባቶች ድምፅ እዚያ ተቀምጧል። አሁን እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ከዚያ ቴፕ የተሻለ መቅጃ ይዘን እንዞራለን። በቤተሰባችሁ ውስጥ ጸሎቱን በቃሉ የሚያውቅ ቄስ፣ ደብተራ፣ አጎት ወይም አያት ካለ የሚቀጥለውን ስግድ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ከመጀመሪያው ጀምረው እስኪጨርሱ ሳታቋርጡ ቅዱ፤ ግዕዙን ከጨረሱ በኋላ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ያንንም ቅዱ፤ ከየትኛው መንደር እንደሆኑ፣ ዜማውን ከማን እንደተማሩም ይናገሩ። ከዚያ አንድ ቅጂ ለልጃችሁ፣ አንድ ቅጂ ለመስጊዳችሁ ስጡ።